የአክስትሽ አምባርና የእናትሽ ማርትሬዛ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር ነው፤ ሠርጌ ከጥምቀት በኋላ ጥር ላይ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የብር ጌጥ ልታመጣልኝ ሦስት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ የፓንዶራ አምባር ከነተንጠልጣዮቹ፣ ሁለተኛው የዴቪድ ዩርማን የተገመደ አምባር፣ ሦስተኛው በቅርቡ የወጣ፣ በብር ላይ ወርቅ የተነከረ ባለ አራት ቅጠል ሐብል ነው። እናቴ ደግሞ ‹ምን ያደርግልሻል፣ ከአያትሽ የቀሩትን ሦስት የማርትሬዛ ሳንቲሞች አስቀልጠን እዚሁ አምባር እናሠራልሻለን› ትላለች። ስም ያለው ጌጥ በእርግጥ ጥራት አለው ወይስ የሚከፈለው ለስሙ ነው? የቱን ልምረጥ?»

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሳላንዛዛ መልሱን ላስቀድም። ከሦስቱ ፎቶዎች የተገመደውን አምባር ውሰጂ፤ አዲስ የወጣውን ሐብል ተዪው፤ ፓንዶራው ይቆይ። የእናትሽም ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ሳንቲሞቹ እሳት ከመግባታቸው በፊት ግን የምታጣሩት ነገር አለ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ፎቶ የሚያሳይሽ የጌጡን ፊት ብቻ ነው። እኔ አንድ ጌጥ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። ፊቱን ለማሳመር የማይጥር ሠሪ የለም፤ ጀርባው ላይ የሞረድ ጭረት፣ የብየዳ ጠብታ፣ ሳይወለወል የቀረ ጥግ ካገኘሁ ሠሪው ምን ያህል እንደቸኮለ እረዳለሁ። ቀጥሎ መጋጠሚያውን አያለሁ። መቆለፊያው ሲዘጋ ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነው ወይስ ይንቀጫቀጫል? ማጠፊያው ወደ ጎን ይወዛወዛል? የሰንሰለቱ የመጨረሻዋ ቀለበት ተበይዳለች ወይስ ጫፍና ጫፏን አጠጋግተው ትተዋታል? ሐብል ወድቆ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚች ባልተበየደች ቀለበት ነው። ፈርጥ ካለው ደግሞ ፈርጡን በነጠላ ጫፍ ጠረግ አደርገዋለሁ። ክር ከያዘ ፈርጡን የጨበጠው ጥፍር ተነሥቷል፤ ዛሬ ክር የያዘ ጥፍር ነገ ፈርጡን ይለቃል።

ማኅተሙን ሰዎች ከሚገባው በላይ ያምኑታል። 925 ማለት ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ 750 ደግሞ 18 ካራት ወርቅ ነው። የአሜሪካው ጌጥ ቤት ቲፋኒ ይህን የ925 ልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ዛሬ ከኮፐንሃገን እስከ ባንኮክ የአብዛኛው የብር ጌጥ መለኪያ ሆኗል። ቁጥሩ ግን ስለ ማዕድኑ እንጂ ስለ ሥራው የሚናገረው የለም፤ ማኅተም መምቻውንም ማንም ገዝቶ ሊመታበት ይችላል። ስለዚህ ውሃ ነው የሚሻለው። 0.01 ግራም የሚለይ የወርቅ ሚዛን ፈልጊና ጌጡን መዝኚው። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ጌጡን በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስጥሚው። አሁን ሚዛኑ የሚያሳይሽን ቁጥር ያዢና የመጀመሪያውን ክብደት በእሱ አካፍዪ። 925 ብር ከሆነ 10.3 ወይም 10.4 ገደማ ይወጣል። ብር መስሎ የሚሸጠው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ከ9 በታች ነው፤ ነሐስም እንዲሁ። ውስጡ ባዶ የሆነ ወይም ፈርጥ የበዛበት ጌጥ ግን በዚህ አይፈተንም፤ ቁጥሩ ያሳስትሻል።

ታዋቂዎቹ የጌጥ ቤቶች ይህን ፈተና ያልፋሉ። ማዕድናቸው የተባለው ነው፤ በዚህ አትስጊ። የሚያከራክረው ከማዕድኑ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። 30 ግራም የሚመዝን የ925 አምባር ውስጥ 27.75 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ይህ ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከ31.1 ግራም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ብር በአውንስ 50 ዶላር ባለፈ ጊዜ እንኳ በዚያ አምባር ውስጥ ያለው ብር 45 ዶላር ገደማ ነበር። አምባሩ ግን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ልዩነቱ የእጅ፣ የንድፍ፣ የሱቅ ኪራይና የማስታወቂያ ነው። ለእጅና ለንድፍ እከፍላለሁ፤ ለማስታወቂያ ስከፍል ይቆጨኛል። ሁለቱን የምለየው አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነው፦ ስሙ ከላዩ ቢፋቅ፣ ይህ ጌጥ ሌላው የማይሠራውን ምን ይሠራል?

የፈረንሳዩን ጌጥ ቤት የካርቲየርን «ላቭ» አምባር እንውሰድ። አልዶ ቺፑሎ እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ዮርክ ላይ የነደፈው ነው። ሁለት ግማሽ ናቸው፤ በብሎን ይያያዛሉ፤ የሚፈታውም የሚታሰረውም በካቻቢቴ ነው። ለብቻ ማሰር ስለሚያስቸግር ሌላ ሰው ነው የሚያስርልሽ፤ የንድፉ ሐሳብ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቅርጹም ክብ አይደለም፤ እንደ እጅ አንጓ ሞላላ ስለሆነ አይሽከረከርም፣ ብሎኖቹ በቦታቸው ይቀመጣሉ። በድሮዎቹ ላይ ብሎኑ ጭራሽ ተፈቶ ስለሚወጣ ይጠፋ ነበር፤ በኋለኞቹ ከአምባሩ ሳይለይ እንዲላላ ተደርጓል። እኛ ዘንድ ወርቅ ቤት የሚታየው ቅጂ ግን አብዛኛው ክብ ነው፤ ብሎን የሚመስለው ላዩ ላይ የተቀረጸ ምልክት ብቻ ነው። መልኩን ቀድተዋል፣ ሐሳቡን አልወሰዱም። 18 ካራት ከሆነ ወርቅነቱ ወርቅ ነው፤ ለንድፉ ብለሽ ጭማሪ የምትከፍዪበት ምክንያት ግን የለም።

ሌላዋ የጌጥ ነዳፊዋ ኤልሳ ፔሬቲ ናት። ቲፋኒ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቀጥራት ቤቱ ለረጅም ጊዜ ትቶት የነበረውን የብር ጌጥ መልሳ አከበረችው። የአጥንት ቅርጽ ያለው ሰፊ አምባሯ ለግራ እጅና ለቀኝ እጅ ለየብቻ ይሠራል፤ የአንጓሽን አጥንት ተከትሎ ስለሚያብጥ አንዱ ለሌላው እጅ አይሆንም። ስሙን ፋቂው፣ ማን እንደሠራው ያስታውቃል። አክስትሽ ጠርቀም ያለ ገንዘብ አላትና ምርጫውን ለእኔ ብትተወው ኖሮ የምጠይቃት ይህን ነበር፤ ቦታ ስለሚይዝ ግን ከሌላ ጌጥ ጋር አይስማማም፣ ለሠርግም ሁሉም ሙሽራ አይወደውም።

አሁን ወደ «አዲስ የወጣ» ልግባ፤ ጥያቄሽ ውስጥ የምጠረጥረው ቃል እሱ ነው። ወርቅ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በአውንስ 4,000 ዶላር አልፏል። ማዕድን እንዲህ ሲወደድ በአዳዲስ ስብስቦች ላይ የማየው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ቀጭን ይሆናል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ወይም ቅብ ይሆናል፤ ዋጋው ግን አይቀጥንም። ማቅጠኑ ራሱ ክፋት የለውም። የ«ላቭ» ትንሹ ዓይነት 3.65 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ነባሩ 6.1 ነው፤ ትንሿን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፣ ለቀጭን እጅም ታምራለች። ችግር የሚሆነው ቅጥነቱ መጋጠሚያው ላይ ሲያርፍ ነው።

ደግሞም ከአዲሶቹ ጥሩ የምላቸው ብዙ ጊዜ አሮጌዎች ናቸው። የካርቲየር የምስማር አምባር እ.ኤ.አ. በ1971 ተነድፎ ሁለተኛ የወጣው በ2012 ነው፤ ያኔ እንደ አዲስ የገዙት ወጣቶች ያልተወለዱበት ዘመን ሥራ ነበር። እኔ እውነተኛ አዲስ ዕቃ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት አልገዛም። መቆለፊያው የሚላላ ከሆነ በዚያ ዓመት ይታወቃል፤ ቤቱም ድምፅ ሳያሰማ ያርመዋል። ያልወደዱት ሰዎችም መሸጥ ይጀምራሉ፣ ዋጋው ይወርዳል።

ሐብልሽን በዚህ ዓይን እንየው። ባለ አራት ቅጠሉ ቅርጽ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፦ ቫን ክሊፍ ኤንድ አርፔልስ የተባሉ የፈረንሳይ ጌጥ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት «አልሐምብራ» ነው። ዋናው ዙሪያውን በጥቃቅን የወርቅ ፍሬ የተከበበ ነው፤ ኦኒክስ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ወይም የዛጎሉ ዕንቁ ተወልውሎ ከጠርዙ ጋር እኩል ይገጥማል፣ በጥፍርሽ ብትዳስሺው ክፍተት አታገኚም። ከዐረብ አገር በ21 ካራት እየመጣ የከተማው ሙሽራ ሁሉ የሚያጠልቀው ግን ከስስ ቆርቆሮ ተመትቶ የወጣ ነው፤ ዙሪያው ያሉት ፍሬዎችም ለየብቻ የቆሙ ሳይሆኑ እብጠት ናቸው። ያንቺው ከሁለቱም አይደለም። በብር ላይ ወርቅ የተነከረ፣ «ቨርሜይል» የሚባለው ነው። በአሜሪካ ይህን ስም ለመያዝ ወርቁ ቢያንስ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ሊኖረው ይገባል። አብዛኛው የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። እንግዲህ አንገትሽ ላይ ላብ አለ፣ ሽቶ አለ፣ የጥበቡ ጥልፍ ሲፈገፍገው ይውላል። ከጊዜ በኋላ ከጀርባው ነጩ ብር ብቅ ይላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ጎንደር ያለ አንጥረኛ ሊበይድልሽ እሳት ሲያስጠጋው ቅቡ ይበላሻል። ያልተቀባ ብር ግን አራዳ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ማንም እጁ የተፈታ አንጥረኛ ይበይደዋል። ገና ስም ያላወጣ ቤት፣ የሰው ቅርጽ፣ የማይጠገን ዕቃ። ስለዚህ ነው ተዪው ያልኩሽ።

ፓንዶራን የሚንቁ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮፐንሃገን ውስጥ የተጀመረ ቤት ነው፤ ባለተንጠልጣዩ አምባር በ2000 ወጣ፤ ሥራው የሚሠራው ታይላንድ ነው። ብሩ 925 ነው፣ ቀረጻውም ለዋጋው ንጹሕ ነው። ግን የተነደፈው ሁልጊዜ እንድትጨምሪበት ነው፤ ለልደት አንድ፣ ለልጅ አንድ፣ ለጉዞ አንድ። አክስትሽ በየዓመቱ የምትመላለስ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ነው። ካልሆነ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ነጠላሽ ነው። ጥበብ ለብሰሽ ትከሻሽ ላይ የምታስተካክዪው ቀጭን ፈትል በእያንዳንዷ ተንጠልጣይ ይያዛል፤ በሠርግ ቀን ስንት ጊዜ ነጠላሽን እንደምትመልሺ አስቢው።

የዩርማን አምባር ለዚህ ይሻላል። ዴቪድ ዩርማን ቀራፂ ነበር፣ ሚስቱ ሲቢል ሰዓሊ፤ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1980 አቋቋሙ፤ የተገመደው አምባር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መለያቸው ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ከ40 ዓመት በላይ ያንኑ ገመድ ይዘው ጫፉን ብቻ እየቀያየሩ «አዲስ» ይላሉ፤ ዘንድሮ ሰማያዊ ፈርጥ፣ ለከርሞ አረንጓዴ። ላንቺ ግን ይህ ስንፍናቸው ይጠቅምሻል፤ ከዓመታት በኋላም ጊዜው ያለፈበት አይመስልም። ግምዱ ክብ ስለሆነ ፈትል አይዝም። የወርቅ ቅብ የሌለበት ብር ስለሆነ ይጠገናል። በግምዱ መካከል የምታዪው ጥቁረት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ እድፍ መስሎሽ በብር ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ እንዳትነክሪው፣ መልኩ ሁሉ ይጠፋል። በጨርቅ ብቻ ወልውዪው። ስታደርጊው አፉን ጎትተሽ አታስፊው፤ በአንጓሽ ቀጭን ጎን በኩል አስገብተሽ አዙሪው። ብር በተጣጠፈ ቁጥር እየደደረ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። በየማጀቱ የማየው የተሰበረ አምባር ሁሉ እንዲህ የሆነ ነው። አክስትሽ ሌላ ሰው ያደረገውን ካገኘች ትግዛው፤ ጫፎቹ ካልተፋፋቁና ግምዱ ካልተጠመዘዘ ከአዲሱ የሚያንስበት ነገር የለም።

ዋጋውን ይይዛል ወይ ብለሽ ካሰብሽ፣ እዚህ አይይዝም። ጎንደር ወርቅ ቤት ብትወስጂው ሚዛን ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ካርቲየርም ይሁን የሰፈር ሥራ 18 ካራት 18 ካራት ነው። ስሙ ገንዘብ የሚያወጣው እዚያው አሜሪካ ነው፣ ያውም ሣጥኑና ደረሰኙ ካለ። ስለዚህ ሣጥኑን አትጣዪው፤ ትሸጪዋለሽ ብዬ ግን አላስብም።

ወደ እናትሽ ልምጣ፤ በበኩሌ የጥያቄሽ ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው። ማርትሬዛ አብዛኛው ላዩ ላይ 1780 ይላል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በተለያዩ ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ጣሊያን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ መትቶታል። እኛ አገር እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ ሲገበዩበት ነበር። ስለዚህ ዓመቱን አይታችሁ «ቅርስ ነው» አትበሉ፣ «ተራ ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ኤስ ኤፍ የሚሉ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ካሉ ከብዙኃኑ አንዱ ነው፤ ቢቀልጥ አላዝንም። ሌላ ፊደል ካለበት ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ እሳት እንዳይነካው። አያትሽ ጆሮ አስበይደውበት አንገታቸው ላይ ያደረጉት ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ምንም ይሁን አታስቀልጡት፤ እሱ ራሱ ያለቀ ጌጥ ነው።

እውነተኛ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ብርነቱ 833 ነው፤ በውሃው ፈተና 10.2 አካባቢ ይሰጥሻል። አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚታለልበትን ስሚ። ሦስቱ ሳንቲም 84 ግራም ገደማ ናቸው፤ ውስጣቸው 70 ግራም ብር አለ። ይህን ወደ 925 ለማድረስ ከ100 ግራም በላይ ንጹሕ ብር መጨመር ያስፈልጋል። ማንም አንጥረኛ ይህን አያደርግልሽም። ስለዚህ ከማርትሬዛ ብቻ ተሠርቶ «925» የተመታበት ጌጥ ማኅተሙ ውሸት ነው፣ ሠሪው ጎበዝ ቢሆንም። ሳይመታበት ይቅር። 833 የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መዳቡ ስለሚበዛ ትንሽ ፈጥኖ ይጠቁራል፣ በልዋጩ ከ925 ጠንከር ይላል፣ ለየቀን አምባር ጥሩ ነው።

የእኔ ምክር ሁለቱን አስቀልጡ፣ አንዱ እንዳለ ይቀመጥ ነው። 56 ግራም ለጥሩ ጥንድ አምባር ይበቃል። ስትሰጡት አብራችሁ መዝኑ፣ ስትቀበሉም መዝኑ፤ ከማቅለጥና ከሞረድ የሚጎድለው ጥቂት ነው፣ ብናኙም የእናንተ ነው። ስልክሽን አውጥተሽ የካርቲየር ፎቶ እንዳታሳዪው! እጁ የሚያውቀውን ይሥራ፦ ጠፍጣፋ አምባር ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ ከዳርና ዳሩ ጥቃቅን ፍሬ። የጎንደር አንጥረኛ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሽቦ ሥራ በማሽን ሲወጣ ሞቶ ነው የሚወጣው። የምትመረምሪውም ይህንኑ ነው። ፍሬዎቹ በብየዳ ሰጥመው ከሆነ፣ ሽቦው በመዶሻ ተጨፍልቆ ከሆነ፣ ሙቀቱንና ብየዳውን አብዝቷል፤ ይድገመው። ጥሩ ሥራ ላይ እያንዳንዷ ፍሬ ሥሯ ብቻ ተይዞ ለብቻዋ ትቆማለች። በዓይን ካልታየሽ ጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን እናቶች አንገትና ክንድ እዪ፤ የአገሩን ጥሩ ብር በአንድ ቦታ እንደዚያ የምታገኚበት ቀን የለም።

በሠርጉ ቀን የእናትሽን ጥንድ በአንድ እጅ፣ የአክስትሽን በሌላው አድርጊው። አንድ ላይ አትደርቢያቸው፤ 833ቱ የዩርማንን ብር ይጭረዋል፣ በግምዱም ላይ የሽቦው ሥራ ይያዛል።

ለአክስትሽ የምትጽፊላት ይህን ነው፦ የአንጓሽ ዙሪያ በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር፣ ጫፉ ላይ ብርጭቆ የመሰለ ትልቅ ፈርጥ ሳይሆን ወርቅ ወይም ብር ያለበት። ለአንጥረኛው ደግሞ ብሩን ከገና በፊት ስጡት፤ ጥር ከገባ የሠርግ ሥራ ይደራረብበታል፣ የቸኮለ አንጥረኛ ፍሬውን ያሰምጠዋል።